ዓመቱ ስንት በር አለው?



ባለፈው ረመዳን፣ የካቲት 2018 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አንድ ቀን የመግሪብ አዛን ሊሰማ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ከሰባት ዓመቱ ልጄ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ነበር። ከአስር በኋላ ካፊያ ቢጤ ጥሎ ስለነበር ጓሮው የረጠበ አፈር ይሸታል። ልጁ እስከ ዙህር ጾሞ ውሎ ነበርና እንደ ትልቅ ሰው ተምሩን በእጁ ይዞ አዛን ይጠብቃል።

«አባ፣ ረመዳን ሁልጊዜ የሚመጣው በየካቲት ነው?» አለኝ።

«የለም ልጄ፣ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል» አልኩት።

«አንተ ልጅ ሆነህ መጀመሪያ የጾምክ ጊዜስ መቼ ነበር?»

ለመመለስ ጥቂት ማሰላሰል ነበረብኝ። ሳሰላው ግን ራሴም ገረመኝ። የካቲት 1985 ዓ.ም. ነበር! ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀናት ያሉት በመሆኑ ረመዳን የፀሐይን ዓመት ዞሮ ወደ ጀመረበት ቦታ ለመመለስ 33 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እነሆ በልጅነቴ የገባበትን በር አንኳኩቶ እንደገና ገባ። በመካከሉ መስከረምንም፣ ታኅሣሥንም፣ ነሐሴንም፣ ሰኔንም ዳስሶ አልፏል።

የዛሬው ጽሑፌ የተነሣው ከዚህች ጥያቄ ነው። ለመሆኑ ዓመቱ ስንት በር አለው? በትምህርት ቤት እንደተማርነው አራት ብቻ ነውን?

የ1985ቱን ረመዳን ያሳለፍኩት ከአያቶቼ ዘንድ፣ በደሴ ዙሪያ ደጋ ነው። አያቴ የበልግ ገብስ ይዘራ ነበር። እኔ የዘሩን ቁና ተሸክሜ ከኋላው እከተላለሁ። ሴት አያቴ ስለዚያ ረመዳን በኋላ ስታወራ «የካቲት» ብላ አታውቅም። «በልግ ሲዘራ የገባው ረመዳን» ነበር የምትለው። እኔ የተወለድኩትም በእሷ አቆጣጠር «የባቄላ እሸት ሲደርስ» ነው። ጎረቤታችን የተዳረችው «ጤፍ ሲወቃ»፣ አጎቴ የታመመው «ወንዙ ሞልቶ ሰው ሳያሻግር» ነው። ለእሷ ዓመት ማለት ሥራውና ምልክቱ ነበር፤ ምልክቱ ደግሞ ከአራት እጅግ ይበልጣል።

ከዚያ ትምህርት ቤት ገባሁ። መጽሐፉ «ወቅቶች አራት ናቸው» ይላል። ሸምድጄ ፈተናውን አለፍኩ። አድጌ አስተማሪ ስሆንም ያንኑ መልሼ አስተማርኩ። አንድ ቀን በኮምቦልቻ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ኦተም ማለት በልግ ነው፤ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት» ብዬ ጻፍኩ። ከለጋምቦ ደጋ የመጣ አንድ ተማሪ እጁን አነሣ። «ቲቸር፣ በልግ'ኮ ቅጠል የሚበቅልበት ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም። በአባቱ ማሳ ላይ በዓይኑ ያየውን ነበር የተናገረው። ያሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

ነገሩን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ከአንድ ቃል ትርጉም ያለፈ ነው። በመድረሳ ሱረቱ ቁረይሽን ስንቀራ ስለ ሁለት ጉዞዎች ተምረናል። ሙፈሲሮች እንደሚያብራሩት ቁረይሾች በ«ሺታእ» ወደ የመን፣ በ«ሰይፍ» ደግሞ ወደ ሻም ይነግዱ ነበር። እኛ ሕፃናቱ ሺታእን «ክረምት» ብለን ተረጎምነው፤ በአእምሯችንም ቁረይሾች በጭቃና በጎርፍ መካከል ግመሎቻቸውን ሲነዱ ታዩን። ኡስታዛችን ግን «የለም፣ ሺታእ የብርድ ወራት ነው፤ የእናንተ ሐምሌ አይደለም» አሉን። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ «ዊንተር» ክረምት ነው ተባልን፤ አውሮፓ በዊንተር የሚዋጠው በበረዶ ሲሆን ጊዜውም የእኛ ታኅሣሥና ጥር ነው። የእኛ ክረምት ሲገባ እዚያ ሳመር ነው። እንግዲህ ሦስት የተለያዩ ወቅቶችን በአንድ ቃል ጠቅልለን ስናበቃ፣ ተማሪው «ክረምት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» ብሎ ሲጠይቀን እርስ በርስ እንተያያለን። እውነተኛው መልስ «እዚያ የለም» የሚለው ነው።

አራቱ ወቅቶች በተፈጠሩበት አገር ውሸት አይደሉም። ምድር በዛቢያዋ 23.5 ዲግሪ ገደማ አዘንብላ ፀሐይን ስለምትዞር ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች የቀኑ ርዝመት በእጅጉ ይለዋወጣል። በለንደን በሰኔ ቀኑ ከ16 ሰዓት ተኩል ይበልጣል፤ በታኅሣሥ ወደ 8 ሰዓት ይወርዳል። እዚያ ወቅትን የሚያዘው ብርሃንና ሙቀት ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። የሶላት ሰዓት የሚከታተል ሰው ይህን ያውቀዋል። መግሪብ በኅዳር ከ12 ሰዓት ቀደም ብሎ ይገባል፤ በሐምሌ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩልን ያልፋል። ከዚያ የበለጠ አይሄድም። እኛ ዘንድ የዓመቱን ሰዓት የሚሞላው ዝናብ ነው።

ለዚህም ነው የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያውን በሦስት ወቅት ከፍሎ የሚያወጣው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ይህም ቢሆን ለሁሉም ቦታ እኩል አይሠራም። በሶማሌ ክልል ደቡብ የሚኖሩ ወንድሞቻችን አራት ወቅት አላቸው፤ ግን ሌሎች አራት ናቸው። ጉ ዋናው የዝናብ ወቅት፣ ሐጋ ደረቁ፣ ደይር አነስተኛው የዝናብ ወቅት፣ ጂላል ደግሞ ብርቱው ድርቅ ነው። እኛ በነሐሴ ወንዝ ሞልቶ ስንቸገር እነሱ ሐጋ ላይ ናቸው።

ሩቅ ሳንሄድ ደሴን እና ኮምቦልቻን እንውሰድ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠዋት በጥቅምት ጋቢ ደርቦ ከደሴ የተነሣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ይይዛል። ከላይ ያለው ጎመን ውርጭ ሲመታው የታችኛው ቃሪያ ያብባል። ስለዚህ የወቅት ቁጥር ብቻ ሳይሆን የወቅት ቦታም አለው።

ሌሎች ሕዝቦችስ ዓመታቸውን እንዴት ይቆጥራሉ? አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነው ባንግላዴሽ ዓመቱን በስድስት ወቅት ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ወር ነው። የዝናቡ ወቅት ለብቻው፣ ከዝናቡ በኋላ ሰማይ የሚጠራበት ለብቻው፣ ሩዝ የሚሰበሰብበት ለብቻው ስም አላቸው።

የጥንት ዐረቦች ደግሞ በጨረቃ ማረፊያ ከዋክብት ዓመቱን ለ28 ከፍለውት ነበር። እያንዳንዱ 13 ቀን፣ አንዱ ብቻ 14 ቀን ይሆንና ድምሩ 365 ይሞላል። ይህ «አንዋእ» የሚባለው ዕውቀት ነው። በ276 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢብኑ ቁተይባ በዚሁ ጉዳይ ላይ «ኪታቡል አንዋእ» የተሰኘ መጽሐፍ ጽፈዋል። ርዝራዡ ዛሬም አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እህቶቻችን «ሱሀይል ወጣ» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ሱሀይል ኮከብ በዐረቢያ በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ ጎሕ ሲቀድ መታየት ሲጀምር ሰዉ ደስ ይለዋል፤ የሌሊቱ ሙቀት መቀነስ የሚጀምርበት ምልክት ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በሑደይቢያ ሌሊት ዝናብ ጥሎ ካደረ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለባልደረቦቻቸው ያስተማሩት ትምህርት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዝናቡን ያወረደው አላህ በእዝነቱ እንጂ ኮከቡ አይደለም። ምልክትን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ምልክቱን ሰጪ ማድረግ ሌላ ነው። አያቴም የሰማዩን ምልክት ታነብ ነበር፤ ዝናብ ሲዘገይ ግን ከሰፈሩ ሰው ጋር የምትወጣው ወደ ሶላተል ኢስቲስቃእ ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ከጃፓን ነው። ጃፓኖች ዓመቱን በ24፣ ከዚያም እያንዳንዱን በሦስት ከፍለው 72 ትንንሽ ወቅቶች ነበሯቸው፤ አንዱ አምስት ቀን ገደማ ማለት ነው። አከፋፈሉ መጀመሪያ የመጣው ከቻይና ነው። ነገር ግን የቻይና ሰሜን ወፍና አበባ ከጃፓን ጋር አልገጥም አለ። ሺቡካዋ ሹንካይ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1685 በሥራ ላይ የዋለውን አዲስ የዘመን መቁጠሪያ ሲያዘጋጅ ትንንሾቹን ወቅቶችም ከአገሩ ተፈጥሮ ጋር እንዲስማሙ አስተካከላቸው። የተቀበለውን ዕውቀት አልጣለም፤ በገዛ ጓሮው ፈተሸው እንጂ። እኔ በመማሪያ ክፍሌ ያላደረግኩት ይህንኑ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ «ወቅት አራት ሆነ አሥራ አራት ምን ልዩነት ያመጣል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝን ነገር፣ ባያስደስተኝም፣ ልንገራችሁ።

መጋቢት 2007 ዓ.ም. ነበር። በልጉ ቀርቶ ነበር። አጎቴን ልጠይቅ ወደ ደጋው ስወጣ መሬቱ እንደ ሸክላ ደርቋል፤ የተዘራውም ገብስ በቡቃያው ቢጫ ሆኗል። አጎቴ ሁለት በሬዎች ነበሩት። «አንዱን አሁን ልሽጠውና እህል ልግዛበት ብያለሁ» አለኝ፣ «በልግ ከቀረ ዓመቱ ቀርቷል።»

እኔ ደግሞ የተማርኩት ነኝ! «አጎቴ፣ አይቸኩሉ። ዋናው ዝናብ ክረምት ነው። ሦስት ወር ቢታገሡ ሰኔ ይገባል። ያለ ጥማድ ምን ሊያርሱ ነው?» አልኩት። በእኔ አእምሮ ዝናብ ያለው በአንዱ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነበር፤ ስሙም ክረምት ነው። አጎቴ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ የአስተማሪ ነገር ይሁን ብሎ ሐሳቡን ተወው።

እኔ ያላወቅኩትን እሱ ያውቅ ነበር። ለእሱ ቤት የበልጉ ገብስ ማለት በሰኔና በሐምሌ የሚበላው እህል ነው። በበልግ እርጥበት የሚበቅለው ሣር የበሬዎቹ ቀለብ ነው። በቆላው ደግሞ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ የሚዘራው በበልጉ ዝናብ ነው፤ በልግ ሲቀር ማሽላውም ይቀራል። ስለዚህ በልግ የክረምት ታናሽ ወንድም አይደለም፤ ሰው ወደ ክረምት የሚሻገርበት ድልድይ ነው። ድልድዩ ሲሰበር ማዶው ቢለመልምም አይደረስበትም።

በዚያ ዓመት ማዶውም አልለመለመም። በኤልኒኞ ምክንያት ክረምቱም ዘግይቶ ገባ፤ የገባውም አነሰ። ረመዳን በሰኔ ገብቶ ዒዱ በሐምሌ ሲውል ሰማዩ ገና እየተጫወተብን ነበር። በነሐሴ አጎቴ በሬውን ወደ ገበያ ሲያወርድ የሁሉም ሰው በሬ እዚያ ቆሟል፤ የሁሉም ጎድኑ ይቆጠራል። የሸጠው በመጋቢት ይሰጠው ከነበረው ዋጋ ከግማሽ በታች ነው። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ይፋ ሲደረግ፣ ሌላው ቁጥሩን ሰማ፤ እኔ ያሰብኩት ያንን በሬ ነው።

አጎቴ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር «ተወው፣ አንተ የወሩን ስም አየህ፤ እኔ መሬቱን አየሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ አየር ሁኔታ ስናወራ ይጠይቀኛል እንጂ አይሰማኝም። ትክክል ነው። በብዙ የአገራችን ክፍል የበልግ ዝናብ ከክረምቱ ይልቅ ተለዋዋጭ ነው። ስም ያልሰጠነው ወቅት ደግሞ ሲቀር እንኳ መቅረቱን አናውቅም።

በጓሮዬም ትንሽ ቅጣት አግኝቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ የመጣ የቲማቲም ዘር ገዛሁ። በከረጢቱ ላይ «በሳመር ይተከላል» የሚል ተጽፎበታል። ሳመር ሐምሌ ነው ብዬ በሐምሌ ተከልኩት። የኮምቦልቻ የሐምሌ ዝናብ ለሁለት ሳምንት ያህል ቅጠሉ ሳይደርቅ አከረመው፤ ከዚያ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣበት፤ ግንዱ ጠቆረ፤ ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ በሰበሰ። ጎረቤቴ እትዬ በአጥር አሻግረው አይተው «ምነው፣ ቲማቲም በክረምት ይተከላል እንዴ? ዝናቡ ሲወጣ ነው እንጂ!» አሉኝ። ከረጢቱ አልዋሸም፤ የተጻፈው ለሌላ ሰማይ ነው።

ከዚያ በኋላ ከልጆቼና ከእናታቸው ጋር አንድ ደብተር ጀመርን። ወቅቶችን አስቀድመን አልሰየምንም። በየሳምንቱ ጁሙዓ ከሰላት መልስ ጓሮውንና ሰፈሩን እያየን አንድ ሁለት መስመር እንጽፋለን። ምን አበበ? ምን በቀለ? የትኛው ወፍ መጣ? በገበያ ምን እሸት ወጣ? ዓመቱ ሲያልቅ መለስ ብለን ስናነብ ተመሳሳይ ቀናት በራሳቸው ተሰብስበው አገኘናቸው። ለእኛ ጓሮ 14 ትንንሽ ወቅቶች ወጡ። ሁሉንም ልዘርዝር ባልልም ጥቂቶቹን ላካፍላችሁ።

በመስከረም ዝናቡ እየወጣ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል፤ የባቄላ እሸትም ይከተላል። ወዲያው ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ ወፎች ይደርሳሉ። ሆዳቸው ቢጫ ሆኖ ጭራቸውን እየወዘወዙ በከብት እግር ሥር የሚሯሯጡት ከእነሱ መካከል ናቸው። ቲማቲምና ሽንኩርት የምንተክለው በዚህ ጊዜ ነው፤ አፈሩ እርጥብ ነው፤ ሰማዩ ግን ጠርቷል። ሽምብራም የክረምቱ ማብቂያ ላይ ተዘርቶ፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ ያለ ዝናብ ያድጋል።

በጥቅምት ሌሊቱ ይበርዳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል ራሱ የወቅት ስም ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ የገለባው ብናኝ እስከ ከተማ ይመጣል። በደጋው ውርጭ የሚጠነክረው ያን ጊዜ ስለሆነ ዘመዶቻችን ድንቻቸውን ይጠብቃሉ። ከዚያም የሽምብራ እሸት በእቅፍ ታስሮ በየመንገዱ ይሸጣል። በጥር መጨረሻ ነፋሱ አቧራ ያነሣል፤ ቅጠሉን ያራገፈው ኮርች ግን ያለ አንዲት ጠብታ ዝናብ በቀይ አበባ ይሸፈናል። እኛ ይህን «የኮርች ሰሞን» ብለን ጻፍነው።

ከሁሉም ልጄን የሚያስደንቀው የቡናው ነገር ነው። በጓሯችን ሦስት የቡና ተክሎች አሉ። በደረቁ ወራት እምቡጣቸውን ቋጥረው ዝም ይላሉ። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከጣለ 10 ቀን ገደማ በኋላ ሁሉም በአንድ ጠዋት ነጭ ይሆናሉ፤ ሽታቸው ቤት ድረስ ይገባል። አበባው በጥቂት ቀን ይረግፋል። በቀን መቁጠሪያ ላይ ስሙ የለም፤ በልግ መግባቱን ግን ከማንኛውም ማስታወቂያ በፊት ለእኛ የሚነግረን እሱ ነው።

ክረምቱም ቢሆን አንድ አይደለም። የመግቢያው ሰኔ፣ ክንፍ ያወጣ ምስጥ ከመሬት የሚፈላበት፣ ከጭጋጋማው ሐምሌ ይለያል። ሐምሌ ደግሞ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት በየጥጉ ከሚሸትበት ነሐሴ ይለያል። ቋንቋችንም «የክረምት መግቢያ»፣ «የክረምት መውጫ» ብሎ ለይቷቸዋል። ስሞቹ አሉን፤ ያልተጠቀምንባቸው እኛ ነን።

እነሆ ወደ ረመዳን ልመለስ። የሒጅራ ወራት ስሞች ራሳቸው የወቅት ምልክት ነበራቸው። ረቢዕ ከጸደይ ልምላሜ፣ ጁማዳ ከመድረቅና ከመርጋት፣ ረመዳን ከአቃጣይ ሙቀት ጋር በቋንቋ ይያያዛሉ። «ነሲእ» የሚባለው ወርን የማዘዋወር ልማድ በሱረቱ ተውባ ከተነቀፈ በኋላ ግን ወራቱ ከወቅት ጋር መታሰራቸው ቀረ፤ በዓመቱ ሁሉ መዞር ጀመሩ። በዚህም ምክንያት ረመዳን ለማንም አገር ለዘላለም ሙቀት ወይም ለዘላለም ብርድ ሆኖ አይቀርም።

እኔ በግሌ በእያንዳንዱ የማፍጠሪያ ገበታ ላይ ዓመቱን አይቼዋለሁ። በ1991 ዓ.ም. ረመዳን በታኅሣሥ ገብቶ ነበር። በመድረሳ በነበርኩበት ጊዜ ሰሑር ላይ ውሃው ጥርስ ይቆርጥ ነበር፤ ከተራዊሕ ስንመለስ እጃችንን በሽምብራ እሸት ነበልባል እናሞቅ ነበር። በ2000 ዓ.ም. አዲሱ ዓመት በገባ ማግስት ገደማ ረመዳን ሲገባ ደጁ ሁሉ በአደይ ተሸፍኖ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በነሐሴ አዲስ አስተማሪ ሆኜ፣ ዶፍ ጣራውን ሲደበድበው አዛኑ ሳይሰማን በሰዓት አፍጥረናል፤ በገበታው ላይ የበቆሎ እሸት ነበር። በ2007 ዓ.ም. በሰኔ ደግሞ ያንን የማይዘንብ ደመና እያየን አፈጠርን። አሁን እንደገና በልግ ላይ ነን። አራት ሣጥን ብቻ ይዤ ቢሆን ኖሮ እነዚህን ሁሉ የት አስቀምጣቸው ነበር?

እናንተም ቤተሰቦች ይህን መጀመር ትችላላችሁ። ሰፊ ጓሮ አያስፈልግም፤ በመስኮት ላይ ያለች የጤና አዳም ማሰሮ ወይም በመንገዳችሁ ያለ አንድ ዛፍ ይበቃል። የአንድ ብር ደብተር አይኖርም ዛሬ፤ ከልጆቹ ያለፈው ዓመት ደብተር የተረፈ ባዶ ገጽ ግን አይጠፋም። በየሳምንቱ አንድ ቀን ወስኑ። በአንድ በኩል የእኛን ቀን፣ በሌላ በኩል የሒጅራውን ቀን ጻፉ፤ ከዚያ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ አስፍሩ። «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» አትበሉ። የገጠር ዘመድ ካላችሁ ስልክ ስትደውሉ «ደህና ናችሁ?» ብላችሁ አታብቁ፤ «ምን እየዘራችሁ ነው? ሣሩ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲመልሱላችሁም እንደ እኔ ቸኩላችሁ አትምከሩ። አዳምጡ። ከሁሉ በላይ አዛውንቶቻችሁን ጠይቁ፤ እነሱ የሚያውቁት ስም ከእነሱ ጋር ሲሄድ በሌላ ቦታ ተጽፎ አይገኝም። ሴት አያቴ ከሞተች 9 ዓመት ሆኗታል፤ አላህ ይርሐማት። ያልጠየቅኳትን ስሞች ዛሬ ማንም አይነግረኝም።

በሚመጣው ዓመት ረመዳን ኢንሻ አላህ በየካቲት መባቻ አካባቢ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ጥር፣ ወደ ኮርቹ ሰሞን ይሄዳል። ዘንድሮ ወደገባበት በር የሚመለሰው በ2051 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያን ጊዜ ልጄ 40 ዓመት ይሞላዋል። በዚያን ዓመት የካቲት በጓሯችን ካፊያ ይኑር አይኑር አላህ ያውቃል። ደብተሩ ግን እንዲቆየው እፈልጋለሁ።

የዚያን ዕለት ማታ ካፈጠርን በኋላ ልጄ ደብተሩን አምጥቶ በተጣመመ ፊደሉ እንዲህ ጻፈ፤ «ዛሬ ዘነበ። ቡናው ገና ነው።» ከ11 ቀን በኋላም ከእንቅልፌ ቀስቅሶ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ነጭ ሆኖ ነበር።

ወላሁ አዕለም። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።